«እናቷ ሰምታለች ወይ?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ የጀመርነውን ጉዳይ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድረነዋል፤ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው። እንግዳ ሲመጣ የተጣደውም፣ የተዘፈዘፈውም፣ የተጀመረ ጽሑፍም ቢሆን ቆሞ እንደሚጠብቅ እናንተ እናቶች አታጡትም።

እንግዳዋ ዓይናቸውን ለመታከም ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ እናት ናቸው። እኔ ገና የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ አብረን ሠርተናል። ያን ጊዜ ሁላችንም «እትዬ» ብቻ ነበር የምንላቸው፤ ዛሬም በዚሁ ልጥራቸው። የከተማዪቱንና የጣቢያዪቱን ስም ግን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

እትዬ መምጣታቸው እንደተሰማ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ፣ በቴክኒሻናችን ቤት ተሰበሰብን። አራት ሆንን። እትዬ፤ ዛሬ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለው ቴክኒሻናችን፤ ዜና አንባቢ የነበረችውና አሁን በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ የሆነችው ጓደኛዬ፤ እኔ። የቤቱ እመቤት ቄጠማውን ጎዝጉዛ፣ ቡናውን እየቆላች ጠበቀችን። አብሮ የሠራ ሰው ከዓመታት በኋላ ሲገናኝ ምን እንደሚያወራ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የሚያስቀው ይወራል።

ስለ ጣቢያችን ትንሽ ላስረዳችሁ። ሬዲዮ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ አቋርጦት በ1933 ዓ.ም. ከነፃነት በኋላ እንደገና ተቋቋመ። ከዚያ ወዲያ በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተከፍቶ እስከ 1969 ዓ.ም. አገልግሏል። ያም ሆነ ይህ፣ ለረጅም ዘመን ሬዲዮ ማለት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ድምፅ ነበር። የገጠሩ ሰው ይሰማል እንጂ አይሰማም፤ ማለቴ እሱ የሚናገረውን የሚሰማለት አልነበረም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ሲወጣ ግን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያ ሌላ የማኅበረሰብ ጣቢያ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ተፈቀደ። ይኸውም ለትርፍ የማይሠራ፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ የሚያቋቁመውና የሚመራው ማለት ነው። የኛዪቱም ከነዚሁ አንዷ ነበረች።

ያረፈችውም በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ሁለት ክፍል ነው ያላት፤ አንዱ ቢሮም፣ እንግዳ መቀበያም፣ የገንዘብ ሣጥን ማስቀመጫም ነው፤ ሌላው ስቱዲዮ። የስቱዲዮው ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከደሴ በመኪና አናት ላይ ተጭኖ የመጣ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ተለጥፎበት፣ በላዩ ብርድ ልብስ ተወጥሮበታል። ብርድ ልብሱ የጎረቤት አህያ አላስቆመልንም። አንድ ቀን ጓደኛዬ በቀጥታ ሥርጭት «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሲያብራሩ…» ብላ ትንፋሿን ስትስብ አህያው ከውጭ ማብራሪያውን ቀጠለ። ኃላፊው በማግሥቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፉብን። ቴክኒሻናችን ይህን ሲያስታውስ እሑድ ዕለት ስኒው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

የማሠራጫችን ጉልበት ከአንድ ኪሎዋት በታች ነበር። ኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ጠባዩ እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው ማዶውን አያይም። ከከተማዪቱ በስተምሥራቅ አንድ ሸንተረር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉ ቀበሌዎች አይሰሙንም። የማዶ ሰዎች ገበያ በመጡ ቁጥር «እኛን የተዋችሁን በምን በደላችን ነው?» እያሉ በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። ቴክኒሻናችን ስለ ሞገድ ጠባይ ያስረዳቸዋል፤ አዳምጠው ሲያበቁ «እሺ፣ ግን ለምን ተዋችሁን?» ይሉታል።

ደመወዝ የሚከፈላቸው ሥራ አስኪያጁ፣ ቴክኒሻኑና ጥበቃው ብቻ ናቸው። የቀረነው በጎ ፈቃደኞች ነበርን፤ በወር የምትሰጠን የኪስ ገንዘብ ከሣሙናና ከቅባት አታልፍም። ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያን ጊዜ ነው። በሥራ ሕጉ የወሊድ ፈቃድ ያኔ 90 ቀን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። ለበጎ ፈቃደኛ ግን ዘጠናውም መቶ ሃያውም አይደርሳትም። ስለዚህ አራስነቷን እንደጨረሰች ሕፃኑን አዝላ መጣች። ዜና ስታነብ እትዬ ይይዙላታል። አንድ ምሽት እትዬ ዘግየት አሉና ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ገባች። ዜናው ሳይጋመስ ልጁ አለቀሰ። ቴክኒሻኑ ሙዚቃ ልልቀቅ ቢላት በእጇ «ተው» አለችው፤ እያባበለችው እስከ መጨረሻው አነበበች። እኛ ነገ እንባረራለን ብለን ስንጨነቅ በማግሥቱ አድማጮች መጡ። አንዷ የአጥሚት እህል ፈጭታ፣ አንዷ ቅቤ በቅል፣ ሌላዋ ከገበያ የገዛችውን የሕፃን ኮፍያ ይዛ። «ልጁ ምን ሆኖ ነው? ሆዱን ነው?» ይላሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ልጁ ጤንነት በዜናው መጨረሻ ላይ መግለጫ መስጠት ግድ ሆነብን። ያ ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። እናቱ ይህን ስታወራ የማያውቃቸው ሰዎች ስለ ሆዱ ሲያወሩ ሰምቶ አፈረና ወጥቶ ሄደ።

እትዬ የሴቶችና የቤተሰብ ዝግጅት አቅራቢ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሴት የሬዲዮ ጋዜጠኞች አንዷ የነበሩትን ሮማነወርቅ ካሣሁንን በስም ያውቋቸው ነበር። እኛ ዲፕሎማ የያዝነው ያወቅናቸው ከእትዬ ሰምተን ነው፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ። የዜና አጻጻፍ ሥርዓት የሚባለውን ግን እትዬ አያውቁም ነበር። ወይም እኛ የማያውቁ ይመስለን ነበር።

ሥራ እንደጀመሩ በስብሰባ ላይ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለሴቶች የምናወራው ለመሆኑ ሴቶቹ የት ሆነው ይሰሙናል?» አሉ። በገጠር ሬዲዮ የአባወራው ዕቃ ነው። በትከሻው አንግቶ ወደ እርሻም ወደ ገበያም ይዞት ይወጣል። የሬዲዮ ድንጋይ የሚገዛው እሱ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ የምታሰጣው ግን እሷ ናት። ስለ እርግዝና ክትትል ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ብናወራ የሚሰማው በሬ ጠማጁ ነው። እትዬ ይህን ሲናገሩ ሥራ አስኪያጁ ሣቁ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

መላውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ሴት ሁሉ ሳትወድ በግድ ቁጭ የምትልበት አንድ ቦታ አለ፤ ወፍጮ ቤት። እህሏን አውርዳ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ሰዓት ይሁን ግማሽ ቀን አታውቅም። ጣቢያችን በርዳታ ያገኘቻቸው በእጅ እየተጠመዘዙ የሚሠሩ፣ ድንጋይ የማያስፈልጋቸው ጥቂት ሬዲዮዎች ነበሩ። እትዬ አንዱን ፈርመው ወስደው በወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ በሚስማር ሰቀሉት። ሞተሩ ሲነሣ ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ባለወፍጮውን አግባቡት። ሞተሩን የሚያሳርፍበትንና የወፍጮውን ድንጋይ የሚወቅርበትን ጊዜ ከዝግጅታቸው ሰዓት ጋር እንዲያገጣጥም ተስማማ። ዝግጅቱ አልቆ ማስታወቂያ ሲጀመር ሞተሩን ያስነሣል።

ማስታወቂያ የጣቢያችን እንጀራ ነበር። የጠፋ ከብት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የእድር ስብሰባ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የኀዘን ማስታወቂያ። አንድ ሰው ጆሮዋ የተተለተለ ጥቁር አህያ ጠፍታበት ማስታወቂያው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ አህያዪቱ ራሷ ቤቷ ገባች፤ ሰውዬው «ሰምታ ነው» ብሎ ገንዘቡ አይመለስልኝ አለ። የኀዘን ማስታወቂያ ግን ከሁሉም ይበዛ ነበር። በከተማ ዘመድ አዝማድ በስልክ ይጠራራል፤ በዚያ ግን እድርተኛው በተራራውና በሸለቆው ተበትኖ የሚኖር ስለሆነ፣ ጥሩምባ ነፊው አንዱን መንደር ሳይጨርስ እኛ አምስት ቀበሌ እናዳርስ ነበር። ሰውም ወዶልን ነበር።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ጨዋታው እዚህ ላይ ሲደርስ ሁላችንም ቀዝቀዝ አልን። ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ነበር። ማንም አላነሣውም፤ እኔ ራሴ አነሣሁት።

በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ትኖር የነበረች የወንድሙ ልጅ ሞታ፣ አስከሬኗ አዲስ አበባ ደርሷል። ከኛ አካባቢ በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ያልሄደችበት ቤት ጥቂት ነው፤ የሞት ወሬም እንግዳ አልነበረም። ወረቀቱን አየሁት። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የወንድሞቿ ስም ከነማዕረጋቸው፣ የአጎቶቿ ስም፣ የቀብሩ ቀንና ቦታ። ቃላቱን ቈጠርኩ፣ ሒሳቡን ነገርኩት፣ ከፈለ፣ ደረሰኝ ቈረጥኩለት። «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩት። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግራችሁም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውዬዋ ብቻዋን አለመሆኗ ተረጋግጦ፣ የሚደግፋት በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። ለአራስ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ልቡ ለደከመ ሰው ሲሆን ደግሞ ቀን ተቆርጦ፣ ተመክሮበት ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ አክስቷን ስትረዳ ጎረቤቶች ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ደረሰኝ ስቈርጥ ግን አላሰብኩትም፤ ማስታወቂያ ነዋ።

የዚያች ልጅ እናት አልተረዱም ነበር። ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀን ጎሕ ሊነግሯቸው አስበው፣ ባልየው ለአውድማ ሥራ ሌላ መንደር አድረው ስለነበር እሳቸው እስኪመለሱ ለማግሥቱ አሸጋግረውታል። ማስታወቂያውን ይዞ የመጣው አጎት መሸጋገሩን አልሰማም። እናትዬው ደግሞ የጤፍ ዶሮ የመሰለ ነገር ሳይጠረጥሩ፣ እንደወትሮው እህላቸውን ተሸክመው ወፍጮ ቤት ሄደዋል።

የእትዬ ዝግጅት አለቀ። ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ነበር፤ ስኳርና ጨው በንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ። እኔ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። «የኀዘን ማስታወቂያ» ብዬ ስሟን ከነአባቷ ጠራሁ። በዚህን ጊዜ ባለወፍጮው ከውስጥ ሆኖ፣ ሰዓቱ ደረሰ ብሎ፣ ሞተሩን አስነሣው።

እናትዬው የሰሙት ስሟን ብቻ ነው። የቀረውን በዙሪያቸው ከነበሩት ሴቶች ፊት ላይ አነበቡት።

እኛ ይህን ያወቅነው ወደ ማታ፣ የባለወፍጮው ልጅ እየሮጠ መጥቶ ሲነግረን ነው። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የዚያን ምሽት ሥርጭት ጓደኛዬ ተካችኝ። እትዬ በማግሥቱ በሌሊት ተነሥተው የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ እኔ ግን እግሬን ቄጤማ አደረገው፤ አልሄድኩም። በሰልስቱ ነው እትዬ እጄን ይዘው የወሰዱኝ። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት «ድምፁ የሷ ነው» ስትል ሰማሁ። እናትዬው ቀና ብለው አዩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ምንም አላሉም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ እንደነበር ለእትዬ በመንገድ ላይ ስነግራቸው «እሱን ለራስሽ ብለሽ ነው» አሉኝ።

ከአርባው በኋላ ሴትዮዋ ወደ ጣቢያው መጡ። በሩ ላይ ቆመው እኔን ጠየቁ። «ያን ቀን ያልሽውን ደግመሽ በይልኝ። ስሟን ብቻ ነው የሰማሁት» አሉኝ። ወረቀቱ በፋይል ውስጥ ነበር። አወጣሁት። በማይክሮፎን ሳይሆን እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። የአባቷ ስም። የወንድሞቿ። የአጎቶቿ፣ ከነማዕረጋቸው። የቀብሩ ቦታ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ ትንሽ ቆዩና፣

«እኔስ?» አሉ።

ወረቀቱን እንደገና አየሁት። የሉበትም። ዘጠኝ ስም አለ፤ የእናቲቱ ስም የለም። ለካ እስከዚያ ቀን ባነበብኳቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ላይ ይህ ጉድለት ነበረ፤ አንድም ቀን አላየሁትም። እኔ ሴት ነኝ፤ የምሠራውም ከሴቶች ዝግጅት ክፍል ጋር ነበር።

በዚያው ሳምንት እትዬ አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ ከራሳቸው ገንዘብ ገዙ። በማስመሪያ ዓምድ አሰመሩበት። የሟች ስም፤ ማስታወቂያውን ያመጣው ሰው ስምና ፊርማ፤ የእናት ስም፤ በመጨረሻም በቀይ እስክሪብቶ «እናቱ ወይም እናቷ ሰምታለች ወይ?» የሚል። እናት ከሌለች ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ ይጠየቃል። ይህ ሳይሞላ ማስታወቂያ አይነበብም። ሥራ አስኪያጁ ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ተቆጡ፤ በርግጥም ለጥቂት ጊዜ ቀነሰ። «የሴት ስም ለማስታወቂያ ምን ያደርጋል?» የሚል ባለጉዳይም አልጠፋም። አንዱ እንዲያውም የገዛ እናቱን ስም በሬዲዮ ማስጠራት ነውር መስሎት ግማሽ ቀን ተከራከረን፤ እናቱ ራሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበርና በመጨረሻ ገብተው «ጻፊው የኔ ልጅ» ብለው አስጻፉ። «አልሰማችም» ብለው የተመለሱ፣ በማግሥቱ ደግሞ መጥተው «አሁን ሰምታለች፤ ይነበብ» ያሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያሉትን እንደ ቤተሰብ እንቀበላቸው ነበር።

መዝገቡ ለደስታም የጠቀመበት ጊዜ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ከኛም ወረዳ የነበሩት ጥቂት አልነበሩም። አዲስ አበባ የገቡ ልጆች በደረሱበት ስልክ እየደወሉ «ደኅና ገብቻለሁ በሉልኝ» ይላሉ። ቤተሰብ ሬዲዮኑን ከቦ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። እትዬ ያን ጊዜ እንኳ ስሙን ከመጥራታችን በፊት «ደኅና የገቡ ልጆች ስም ነው፤ የምሥራች ነው፤ ተረጋጉና ስሙ» ብለን እንድንጀምር አዘዙን። አንዲት እናት ይህን ሰምተው እልል ሲሉ ከመደብ ወድቀው እጃቸው ወለም ብሏል፤ በሻሽ ጠቅልለውት መጥተው አሳዩን፤ እየሣቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። እኔ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ለቀቁ። ጣቢያዪቱ በገንዘብ ችግር አንድ ጊዜ ስትዘጋ አንድ ጊዜ ስትከፈት ቆይታ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ የነበራትም ዕቃ ጠፋ። እትዬ ከዚያ በኋላ ገብተው ሲያዩ ግድግዳው ላይ የቀረው የእንቁላሉ ካርቶን ብቻ ነው። መዝገቡን ግን ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ወስደውት ነበር። እሑድ ዕለት ከቦርሳቸው ሲያወጡት ሁላችንም ጽሑፋችንን ለየን።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱን የራሴ ብቻ አድርጌ ነበር የኖርኩት። ይህንኑ ተናገርኩ። ቴክኒሻናችን ስኒውን አስቀመጠና፣ «እጄ ሚክሰሩ ላይ ነበር እኮ» አለ። «የአባትየውን ስም ስትጠሪ ደነገጥኩ፤ አውቃቸዋለሁ፤ ጠዋት ቤታቸው በኩል ሳልፍ ልቅሶ የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፁን ላጥፋው ብዬ አሰብኩ። ሥርጭት ማቋረጥ ቅጣት አለው ብዬ ተውኩት።» ይህን ሲናገር ሚስቱ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር።

እትዬ የታመመው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሬዲዮኑን እዚያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሞተሩን አስቁምልኝ ብዬ የለመንኩትም እኔ ነኝ። ሴቶቹ እንዲሰሙኝ ብዬ።»

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ የለም። ሦስተኛው ቡና ተቀዳ።

የባንኳ ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ባለፈው ዓመት አክስቷ ሲሞቱ የሰማችው በሥራ ላይ ሆና ነው። መስኮቱ ፊት ሰልፍ አለ፤ እሷ ብር እየቈጠረች ነው፤ ስልኳ ብልጭ ሲል ዞር ብላ አየችው። የአክስቷ ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። የላከው የአክስቷ ልጅ ጓደኛ እንጂ ዘመድ እንኳ አይደለም። የያዘችውን ብር ሦስት ጊዜ ቈጥራ ሦስቱም የተለያየ ሆነባት። ለባለጉዳዩ ከፍላ፣ ሒሳቡን ዘግታ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። «ማንን ልክሰስ?» አለችን። «እኛ አምስት ቀበሌ ነበር የምናዳርሰው። አሁን ሁሉም ሰው ጣቢያ አለው።» ልጇ በዚህን ጊዜ ተመልሶ ገብቶ ነበርና እንዲህ ያለ ነገር ልኮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። «ሁሉም ይልካል» አለ። እትዬ አጠገባቸው አስቀመጡትና መዝገቡን ሰጡት፤ የመጨረሻውን ዓምድ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው። ሰምታለች። ሰምታለች። አልሰማችም፤ ይቆይ። ሰምታለች። አንድ ገጽ ሙሉ አነበበ።

ስንለያይ እትዬ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ባለሽበት ጋዜጣ የኀዘን ማስታወቂያ ይወጣል አሉ። የእናት ስም ትጠይቃላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በጋዜጣ ሥራ ላይ ይህን ያህል ዓመት ስቆይ ከማስታወቂያ ክፍሉ የሚለየኝ አንድ ኮሪደር ነው፤ አንድም ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቅጹን ሰጠችኝ። የሟች ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ቦታ፣ የፎቶግራፍ ቦታ፣ የቃላት ብዛት፣ የአስነጋሪው ስምና ፊርማ። «የእናት ስም የሚባል መስመር የለውም?» አልኳት። «ቤተሰቡ የጻፈውን ነው የምናወጣው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። «ቤተሰቡ መስማቱንስ ትጠይቁ ይሆን?» ስላት ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔም ያን ቀን እንዲህ ብጠየቅ እንደሷው ነበር የማየው። አንድ ባዶ ቅጽ ለምኜ ወሰድኩ።

ማክሰኞ እትዬን ልጠይቅ ስሄድ ዓይናቸው ተሠርቶ በፋሻ ታሽጓል። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። በእጃቸው ዳሰሱት።

«ባዶ ቦታ የለውም?» አሉ።

ከሥር፣ ከፊርማው በታች፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቀርቷል አልኳቸው።

«ይበቃል» አሉ።